ቅምቀማ ክፍሉን ማን ዘጋው?

ሰው ሁሉ «ሚዛን» ይላታል፤ በሌለችበት ነው ታዲያ። ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ! የፎጣ ፋብሪካው ስራ አስኪያጅ ናት። አባቷ ትቶላቸው የሄደውን ፋብሪካ ከታላቅ ወንድሟ ጋር እኩል ወርሳ፣ ወንድሟ «እኔ ከጥጥ ብናኝ ጋር አልታገልም» ስላለ ሸክሙን ብቻዋን ተሸክማ የምትኖር ሴት። ቅጽል ስሙ የወጣላት በክፋት አይደለም። አንድ ነገር ልትወስን ስትል ወዲህ ትመዝናለች፣ ወዲያ ትመዝናለች፣ እንደገና ወዲህ፤ ቀስቱ መሃል ላይ ሳይቆም ወሩ ያልቃል። የግቢውን በር ቀለም ልትመርጥ አንድ ዓመት ፈጅታ፣ በር ጠባቂው «ቀለሙ ሳይመረጥ በሩ ዝጎ አለቀ» እያለ ስቆባታል።

አሁን የመጣው ጉዳይ ግን የበር ቀለም አልነበረም። ፋብሪካው ሊስፋፋ ነው፤ አዳዲስ የሽመና ማሽኖች ታዘዋል። ጣጣው ያለው መጨረሻው ላይ፣ ቅምቀማ ክፍል ውስጥ ነው። ፎጣ ከሽመና ሲወጣ ጫፉ ክፍት ነው፤ ታጥፎ ካልተሰፋ ገና ሁለት ሶስቴ ሳይታጠብ ተተርትሮ ያልቃል። ያንን ጫፍ አጥፈው የሚቀመቅሙት ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ በየስፌት ማሽናቸው ላይ ተጎንብሰው። አለቃቸው ደግሞ የሚዛን አክስት ናቸው፤ የአባቷ ታናሽ እህት። ከበር ጠባቂ እስከ ሒሳብ ሹም «እትዬ» ነው የሚላቸው። ሽመናው ያመረተውን እነሱ ቀምቅመው መጨረስ አቅቷቸው፣ ፎጣው በራቸው ላይ እንደ ግድግዳ ተከምሯል። ሆቴሎቹ በስልክ ይጮኻሉ። አዲሶቹ ማሽኖች ሲገቡማ መተላለፊያም አይኖር። ራሱ አጥፎ ራሱ የሚሰፋ ማሽን ደግሞ አለ፤ እሱ ከገባ ቅምቀማ ክፍል የሚባል ነገር አይኖርም።

ሚዛን ይህን ታውቃለች። ከታወቃት ቆይቷል። ሆዷ ውስጥ ቀብራ ነው የያዘችው፤ ምክንያቱም እናቷ ስትሞት ያሳደጓት እትዬ ናቸው። አጥበው፣ አበጥረው፣ ትምህርት ቤት ሸኝተው፣ ሲያማት አብረዋት ታመው። አሁን እሳቸውን «ክፍልዎ አያስፈልግም» ማለት! ሞታ ትገኝ!

ስለዚህ ወንድሟ አንድ እሁድ ቤቷ ምሳ በልቶ ሲያበቃ «ለምን ከውጭ አማካሪ አናመጣም?» ሲላት፣ ከትከሻዋ ላይ ጆንያ የወረደላት ያህል ቀለላት።

«እናምጣ» አለች፣ ሳትመዝን። ባሏ ደንግጦ ቀና አለ። «እነሱ ያሉትን እንፈጽማለን ወንድም ጋሼ። ይዘጋ ካሉ ይዘጋል፣ ይቆይ ካሉ ይቆያል። እኔ የለሁበትም።»

«ይኸውልሽ! ይኸውልሽ!» አለ ወንድሟ ጠረጴዛውን እየደበደበ። «እንዲህ ነው ዘመናዊ አሰራር!»

ባሏ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ነገር ሲገባው ቶሎ ነው፣ ዝም ማለት ግን አያውቅበትም። «ቆይ፣ ቆይ» አለ። «አማካሪ ነው የምትቀጥሩት ዳኛ?»

«አንተ ደግሞ!» አለችው።

«ልወቀው ብዬ ነው። እኔ ሐኪም ቤት ስሄድ የቱ ጋ እንደሚያመኝ እነግረዋለሁ። እናንተ ሐኪሙን ጠርታችሁ ‹ልኑር ወይስ ልሙት?› ልትሉት ነው።»

ወንድሟ ሳቀ። ሚዛን ግን ተናደደች። «የተማረ ሰው ከውጭ ይምጣ» አለች። «ዘመድ የሌለው፣ ወገን የሌለው። አይቶ ይፍረድ። ነገ እትዬ ፊታቸውን ሲያዞሩብኝ ‹እኔ አይደለሁም› የምልበት አፍ ይኑረኝ።»

 የልቧን ነበር የተናገረችው።

አማካሪዎቹ ሁለት ሆነው መጡ። አንዱ ከበሩ መቃን ስር ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ፣ ድምጹ ግን እንደ ሹክሹክታ የለሰለሰ ሰውዬ፤ ሁለተኛዋ መነጽሯን አስሬ ወደ ላይ የምትገፋ ሳቂታ ሴት። ሰራተኛው በመጡበት ቀን «ረጅሙ» እና «ባለ መነጽሯ» ብሎ ሰየማቸውና ተገላገለ። ሚዛን ቢሮዋ አስቀመጠቻቸው።

«ጥያቄው አንድ ነው» አለቻቸው። «ቅምቀማ ክፍሉ ይኑር ወይስ ይዘጋ?»

«እርስዎስ ምን ያስባሉ?» አለ ረጅሙ።

«የኔን ተዉት። የኔ ሐሳብ ገባበት ማለት ዝምድና ገባበት ማለት ነው። እናንተ እዩ፣ እናንተ ወስኑ። ያላችሁትን እፈርማለሁ።»

ረጅሙ ወደ ባለ መነጽሯ ዞረ። ባለ መነጽሯ ትከሻዋን ሰበቀች። እንዲህ ልቡን ገልብጦ የሚያምን ደንበኛ ከየት ይገኛል? ተያይዘው ወደ ታች ወረዱ።

እዚህ ላይ ስለ ቅምቀማ ክፍል አንድ ነገር ካልተናገርኩ ወሬው አይገባችሁም። ክፍሉ አንድ ህግ አለው። የትም አልተጻፈም፤ አዲስ ሰራተኛ ስትገባ ከ«እንኳን ደህና መጣሽ» ቀጥሎ የምትሰማው ነው፦ ሰው ሲያናግርሽ እግርሽን ከፔዳሉ አንሺ። ወሬ ካለ መርፌው ይቁም። አራት ነጥብ። የህጉ መነሻ ደግሞ ራሷ ሚዛን ናት። ልጅ ሳለች ቤት የሚጠብቃት ስላልነበረ ከትምህርት ቤት በቀጥታ እትዬ ዘንድ ትመጣና ፎጣ ክምር ላይ ተቀምጣ የቤት ስራዋን ትሰራ ነበር። አንድ ቀን እትዬ ወጣ ሲሉ ማሽናቸው ላይ ወጣችና፣ ከጎኗ ካለችው ሰራተኛ ጋር ስለ አስተማሪዋ እየለፈለፈች ስትሰፋ መርፌው የሌባ ጣቷን ከነጥፍሩ በሳው። እትዬ በፎጣ ጠቅልለው፣ አቅፈዋት፣ ነጠላ ጫማቸው መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቶ በባዶ እግራቸው ሐኪም ቤት ደረሱ። በማግስቱ ህጉ ወጣ። እስከ ዛሬ የተላለፈው የለም።

እና አማካሪዎቹ ገቡላችሁ። ባለ መነጽሯ ደግሞ ደግ ሰው ናት፤ ማሽን ቆጥሮ የሚሄድ አማካሪ አትወድም፣ «ሰራተኛውን መስማት አለብን» ባይ ናት። ወንበር ስባ መሃላቸው ቁጭ አለች። «ስራ እንዴት ነው?» ስትል አንደኛዋ እግሯን አነሳች። «ልጆች አሉሽ?» ስትል ቀጣይዋ አነሳች። «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ብላ ወደ ሁሉም ስትዞር ክፍሉ ጭጭ። ለእንግዳ ደግሞ እየተጣደፉ አይመለስም፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በወጉ፣ ከነዝርዝሩ። እሷ በወደደቻቸው ቁጥር ትጠይቃለች፣ በጠየቀች ቁጥር ማሽኑ ይቆማል። ረጅሙ ጥግ ላይ ሆኖ የቆመውንና የሚሰራውን ማሽን ይመዘግባል። እንግዲህ ፍረዱ!

ለምን አልነገሯቸውም ትሉ ይሆናል። ሴቶቹ ህጉን ከማስታወስ አልፈው ረስተውታል፤ ሰው ልብስ መልበሱን ለእንግዳ አያስረዳም። እትዬ ደግሞ እንግዳን «አታውሪ» ማለት ነውር ነው ብለው ዝም አሉ።

ሚዛን ግን ሰምታለች። በሶስተኛው ቀን ይሁን በአራተኛው በመተላለፊያው ስታልፍ አንድ ነገር ጎደለባት። ያ ክፍል እኮ የማሽኑ ድምጽ ከግቢው ማዶ የሚሰማ ነው። ቆመች። በበሩ ክፍተት አጮልቃ አየች። ባለ መነጽሯ መሃል ላይ ትስቃለች፣ ሴቶቹ ሁሉ እግራቸውን ሰብስበው ይመልሱላታል፣ ረጅሙ ይጽፋል። በአንድ ጊዜ ሁሉም ነገር ገባት። ልግባና ልንገራቸው፣ አለች በሆዷ። እግሯ ግን አልተንቀሳቀሰም። ስራቸውን ያውቃሉ፣ በሰው ሙያ ምን አገባኝ፣ ብላ ራሷን ሸነገለችና መንገዷን ቀጠለች። አይ ሰው! በሌላ ነገር ወዲህና ወዲያ ስትመዝን የምትውለዋ ሴት፣ እዚህ ላይ ለአፍታም አልመዘነችም።

ጥናቱ አለቀና ፎቅ ላይ፣ ትልቁ ጠረጴዛ ያለበት ክፍል ተሰበሰቡ። ወንድሟ አዲስ ከረባት አስሮ መጥቷል። እትዬም እንደ ክፍል አለቃ ተጠርተው ነበርና ሽርጣቸውን አውልቀው፣ ፀጉራቸውን ዳግም አስረው፣ ከወንበሩ ጫፍ ተቀመጡ።

ረጅሙ በለስላሳ ድምጹ ጀመረ። ሽመናው ደህና ነው፣ እጥበቱ ደህና ነው አለ። ቀጥሎ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ቅምቀማ ክፍል ማሽኖቹ ከሚሰሩበት ሰዓት ቆመው የሚውሉበት ይበልጣል። ሰራተኞቹ መልካም ሰዎች ናቸው፤ ይሁን እንጂ ሰዓቱ በጨዋታ ነው የሚያልፈው። ክፍሉን የሚመራውም ሰው አይቆጣጠራቸውም። ስለዚህ ክፍሉ ቢዘጋ እንመክራለን።»

«አላልኩም?» አለ ወንድሟ። «አላልኩም እንዴ!»

 ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎንብሰው የኖሩት ሴትዮ፣ በስተርጅና «ተጫዋች» ተባሉ። እትዬ ረጅሙንም አላዩትም፣ ወንድሟንም አላዩትም። ሚዛንን ነበር የሚያዩት። ሚዛን ጠረጴዛው ላይ ያለውን የእንጨት ቅርጽ ስትመረምር ቆየች፤ ከሱ የሚበልጥ ቁም ነገር የሌላት ይመስል።  አሁን ልናገር፣ አሁን ልናገር እያለች ጊዜው አለፈ።

እትዬ ተነሱ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደክማችኋል» አሉ ለእንግዶቹ፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ ስራ አለኝ።» ወጡ።

ማታ እቤት ባሏ ሰሃን ሲያጥብ ደረሰች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ነገረችው፤ ህጉን፣ ጸጥታውን፣ ስብሰባውን፣ ሁሉን።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» አላት።

«ምን ብዬ ልናገር? ውሳኔው ትክክል እኮ ነው! ማሽኑ ያስፈልገናል። እኔ ራሴ ከድሮም የማውቀው ነው።»

«ውሳኔው ትክክል ሊሆን ይችላል።» እጁን አደራረቀና ወደ እሷ ዞረ። «ምክንያቱ ግን ውሸት ነው። ሴትዮዋን ከስራቸው ማስወጣት አንድ ነገር ነው። ሰነፍ አስብሎ ማስወጣት ሌላ ነው። ያውም አንቺ እያወቅሽ።»

«እኔ አልሰደብኳቸውም!»

«አንቺማ ምን በወጣሽ። ሰው ቀጥረሽ አሰደብሻቸው እንጂ።»

ይህቺ ቃል ልቧን ወጋችላችሁ። ሚዛን ወንበር ላይ ዘጭ አለችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ባሏም ነገሩ እንደበዛበት ገብቶት መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ የተናገረውን ግን አልመለሰም። እንዲህ ናት እንግዲህ፦ «እኔ አይደለሁም» የምትልበትን አፍ ፈልጋ ነበር፤ አገኘችው፤ አፉ እትዬን በላቸው።

ጠዋት አማካሪዎቹ ወዳሉበት ሄደች። የድሮ ናሙና ማስቀመጫ ክፍል ነው የተሰጣቸው፤ መደርደሪያው ላይ በየቀለሙ ፎጣ እንደተቆለለ። ባለ መነጽሯ ኮምፒውተሯ ላይ ነበረች፣ ረጅሙ ቆሞ ሻይ ይጠጣል። ሚዛን ሳትቀመጥ ህጉን ነገረቻቸው።

ባለ መነጽሯ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። «ማለት... ያ ሁሉ ቀን... እኔ ሳናግራቸው ነው የቆሙት?»

«አንቺ ስታናግሪያቸው ነው።»

«ወይኔ! ወይኔ ጉዴ!» መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛ ላይ ጣለችው። «አንዷ እኮ ስለ ልጇ ሕመም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጫውታኛለች!»

ረጅሙ አንገቱ ድረስ ቀላ። «አንድ ጥያቄ ብንጠይቅ ይበቃን ነበር» አለ። «‹እኛ በሌለንበትስ?› ብለን። ጥፋቱ የኛ ነው።» ቀጥሎም፣ «እርስዎ ግን መቼ አወቁ?» አላት።

«በመሃል። በበር አይቻችሁ ነበር።»

«ታዲያ...»

«ዝም አልኩ። አመቸኝ፣ ዝም አልኩ። እናንተን የጠራኋችሁ የማላውቀውን እንድትነግሩኝ አይደለም፤ የማውቀውን እንድትሉልኝ ነው።»

ረጅሙ ሻዩን አስቀመጠ። ሲናገር አልተቆጣም። «እሱስ በመጀመሪያው ቀን ገብቶን ነበር። ‹የኔን ሐሳብ ተዉት› ሲሉን። ብዙ ቦታ እንዲህ ነው የምንጠራው።»

«ገብቷችሁ ለምን ተቀበላችሁ?»

«ስራ ነዋ» አለ። ቀጥሎ ግን በተናገረው አፈረ። «እንደገና እንለካለን። ያለ ክፍያ። አፋችንን ዘግተን።»

«ለኩ፤ የእትዬና የሴቶቹ ስም ይጥራ። እዚያው ክፍል ገብታችሁም ይቅርታ ጠይቋቸው» አለች ሚዛን። አሁን ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ግን ስሙኝ። ያ ክፍል ይኑር አይኑር የናንተ ጥያቄ አይደለም። የኔ ነው። ከመጀመሪያውም ልሰጣችሁ አይገባም ነበር። የናንተ ይህ ነው፦ ሃያ ሴት አለች። የትኛዋ አዲሱን ማሽን መማር ትችላለች? የትኛዋ ጥራት ቁጥጥር ትገባለች? ዓይኗ የደከመው፣ ወገቧ የሚያማት የቱ ጋ ትሂድ? ማሽኑስ እንዴት እንዴት ይግባ፣ ማንም ቦታ ሳታገኝ እንዳትወጣ? ይህን እኔ አላውቀውም። ይህን ስሩልኝ።»

ባለ መነጽሯ መነጽሯን መልሳ አደረገች። «እርስዎ የወሰኑት ስህተት ሆኖ ካገኘነውስ?»

«ተከራከሩኝ። ከውጭ የመጣችሁት ለዚህ አይደለም? አክስቴ አይደላችሁም፣ አታኮርፉኝ።»

ሁለቱም ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ ቀጥሎ የምትሄድበትን ታውቃለችና።

የምሳ ደወል ተደውሎ ሴቶቹ ወጥተዋል። እትዬ ብቻቸውን መስኮቱ ስር ተቀምጠው የማሽናቸውን ዘይት ይቀባሉ። ሚዛን በሩ ላይ ቆመች።  ይህቺን ክፍል ከነሽታዋ ታውቃታለች፤ የጥጥና የዘይት ሽታ፣ ልጅነቷ በሙሉ።

«እትዬ፣ የተባለው ሁሉ ስህተት ነው። ህጉን አያውቁም ነበር። እየጠየቁ እነሱው ናቸው ያስቆሟችሁ። ነግሬያቸዋለሁ፣ ያርሙታል።»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«እኔም አውቅ ነበር። ስብሰባው ላይ እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት።»

«እሱንም አውቃለሁ።» ጨርቁን አጣጥፈው አስቀመጡት። «ያ ረጅም ሰውዬ ያሻውን ቢል ምን አገባኝ። የሰው አገር ሰው ነው፣ ምን ያውቅልኛል? የሱ ቃል እዚህ እንኳ አልደረሰም» አሉና ደረታቸውን ነኩ። «አንቺን ነበር የማይሽ። አሁን ትናገራለች፣ አሁን ትናገራለች እያልኩ። ልጄ አፍ አላት፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳት እያልኩ።»

ሚዛን እንባዋ መጣ። እትዬ አላባበሏትም።

«ክፍሉ ይዘጋል?» አሉ።

ለመመለስ ያን ያህል ጊዜ አልወሰደባትም። «ይዘጋል።»

«ማን አለ?»

«እኔ። እነሱ ሳይመጡም የማውቀው ነው። እናንተ ሰንፋችሁ አይደለም፤ የሰው እጅ ከዚህ በላይ ስለማይፈጥን ነው። ልነግርዎት ፈርቼ ነው ሰው የቀጠርኩት።»

 እትዬ ተነሱና ሽርጣቸውን አስተካከሉ። «የልጆቹን ቦታ ሳታዘጋጂ እንዳትነግሪያቸው» አሉ። «ስትነግሪያቸውም አንቺ ራስሽ ነሽ። ያንን ሰውዬ እንዳትልኪብኝ።» አልፈዋት ወጡ።

ከዚያ ወዲያ ኩርፊያ ሆነ። ያ ስትፈራው የኖረችው መጣላችሁ! ለስራ ካልሆነ አያናግሯትም፤ ሰላምታ ከሰጧትም በአገጫቸው ነው። እሁድ ሲሆን ቤቷ መምጣታቸውን ተዉ። ሚዛን ሆድ ቢብሳትም አልሞተችም። ይህ ራሱ አስገረማት።

ሥራው ግን ቀጠለ። ረጅሙ ክፍሉ ገብቶ ይቅርታ ጠየቀና፣ እንዳለው አፉን ዘግቶ ለካ። ሴቶቹ ከማሽናቸው ቀና እንኳ ሳይሉ እንደሚውሉ አየ፤ ክምሩ ግን ያው ክምር ነበር። ባለ መነጽሯ ደግሞ በሻይ ሰዓት ከእትዬ ጋር እየተቀመጠች የእያንዳንዷን ሴት እጅ፣ ዓይን፣ ጠባይ ትጠይቃለች። ከሚዛን ጋርም ተከራከሩ። ማሽኑ ሁሉ ባንዴ ይግባ ስትል «አይሆንም» አሏት፣ ሞገተች፣ ረቷት። ወንድሟ በስልክ «የሚሉትን እንፈጽማለን ብለሽ አልነበር?» ሲላት «የሚሉትን እሰማለሁ ወንድም ጋሼ፤ የምፈጽመው ያመንኩበትን ነው» ብላ ዘጋችበት። ታላቅ ወንድሟ ላይ ስልክ ስትዘጋ የመጀመሪያዋ ነው።

ቦታው ሁሉ ተደልድሎ ሲያበቃ፣ አንድ ጠዋት ስራ ሳይጀመር ቅምቀማ ክፍል ገባች። ብቻዋን። ሴቶቹ አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ተቀመጡ። እትዬ ከጎኗ መጥተው ይቆማሉ ብላ ጠብቃ ነበር፤ እሳቸው ግን ሄደው ከሴቶቹ መሃል፣ ሁለት ወጣቶችን ገፋ አድርገው ተቀመጡ።

ሳትዞር ሳትሸፍን ነገረቻቸው። ክፍሉ እንደሚዘጋ፣ ለምን እንደሚዘጋ፣ ማንም ግቢውን ለቃ እንደማትሄድ። አንዲቷ ማልቀስ ጀመረች። አንዲቷ ደግሞ ብድግ አለች።

«ይህን ያመጡብን እነዚያ ሰዎች ናቸው አይደል? አፋችንን ሲያስከፍቱን የከረሙት?»

እነሆ! ያ ስትመኘው የነበረው ማምለጫ በሰው እጅ ተይዞ ቀረበላት። አዎ ብትል አለቀ።

«እነሱ አይደሉም» አለች ሚዛን። «እኔ ነኝ።»

«እግዜር ይይልሽ!» አለች ሴትዮዋ።

«ይየኝ» አለች።  የእያንዳንዳቸውን ቦታ እየጠራች ነገረቻቸው፤ አንቺ አዲሱ ማሽን ላይ፣ አንቺ ጥራት ቁጥጥር፣ አንቺ ማሸጊያ፣ አንቺ ልጅሽን ሐኪም ቤት የምትወስጂበት ቀን እንዲመችሽ ጠዋት ብቻ። ጉርምርምታ ነበር፣ ጥያቄ ነበር፣ ክርክርም ነበር። የቆመችዋ ሴት ተቀመጠች፤ ፊቷ ግን እንደጠቆረ ነው።

ሁሉም ጸጥ ሲል ከመሃላቸው እትዬ ተናገሩ። «የኔን አልተናገርሽም።»

 ባለ መነጽሯ «አለቃቸውስ?» ብላ ሚዛንን ስትጠይቃት «ይቆየን» ብላት ነበር፤ ደጋግማ ጠይቃታለች፣ ደጋግማ «ይቆየን» ብላታለች። ይህን ለማንም ልትሰጠው አልፈለገችም፤ ለራሷም አልቻለችውም።

«አላውቅም እትዬ» አለች። «ለሁሉም አሰብኩ። ለእርስዎ ግን አስቤ አስቤ አላገኘሁም።»

«ለኔ አትጨነቂ» አሉ። «ለኔ እኔው አስቤያለሁ። ማንንም አላማከርኩም።»

ከወጣቶቹ አንዷ ሳቋ አመለጣት። እትዬ ግን አልሳቁም፤ ሚዛንን ያዩዋታል፣ ያን ቀን ስብሰባው ላይ እንዳዩዋት። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።

«ክምሩ እስኪያልቅ እቆያለሁ፤ የመጨረሻዋን ፎጣ እኔው ቀምቅሜ ቤቴ እገባለሁ። ደክሞኛል፤ እኔም ላንቺ መናገር ፈርቼ ነው እንጂ ከደከመኝ ቆይቷል። እሁድ እሁድ ትመጫለሽ።»

«እመጣለሁ።»

«ስራ አስኪያጇን አይደለም የጠራሁት። እሷ ክፍሌን ዘግታለች፣ ደጄ እንዳትደርስ። ልጄን ነው።»

ሚዛን በሰራተኞቿ ሁሉ ፊት አለቀሰች፤ ፊቷንም አላዞረች።